እንደ ዴኦሊንዳ አቆጣጠር

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ መነጽሩን ወልውሎ፣
"አያትሽ መቼ ተወለዱ?" አለኝ፣ ብዕሩን አቀባብሎ።
እሱ የሚሻው ዓመተ ምሕረት፤ እኔ የያዝኩት ሌላ ቁጥር፣
ጨው የበላው፣ ዘይት የጠጣው፣ የዴኦሊንዳ አቆጣጠር።

"ሰርዲን ከወንዙ አፍ ድረስ ዘልቆ በገባበት፣
የወደብ ድመት ጠግባ ዓሣ በናቀችበት፣
በዚያ በጋ ነው" ትል ነበር፣ "እናቴ ያማጠችኝ፣
በዓሣ ሳጥን ተቀብላ፣ በዓሣ ሳጥን ያስተኛችኝ።"

ሴቱባል ላይ ዓለም በበር አይገባም፤ በፉጨት ነው።
ፋብሪካው ሁሉ የየራሱ ድምፅ አለው፤
የኛው ወፍራም ነበር፣ ጉንፋን እንደያዘው በሬ፤
ጀልባ ሲደርስ ይጮኻል፤ ሴቱ ይነሣል በውድቅት፣
ጨለማውን እየቆረጠመ እንደ ጥሬ።

ታላቁ ጦርነት?
እሱማ ለሷ የሁለት ፈረቃ ዓመት።
"ፈረንሳይ አገር ጉድጓድ ውስጥ ወታደር ራበው አሉን፤
አሸግንለት፤ በላ አልበላ ማን ይነግረን?"
ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጠረጴዛው ቢረዝምባት
ባዶ ሳጥን ላይ ቆማ የዓሣ አንገት ቀነጠሰች።
ሰላም ሲታወጅ አልሰማችም፤
ፊሎሜናን፣ እናቷን፣ በኅዳሩ በሽታ እየቀበረች።

ሁለተኛው ሲመጣ ደግሞ፣ እሷ የሦስት ልጆች እናት፣
ከማሸጊያው ጫፍ ሁለት ክምር ቆመላት፤
በግራ የእንግሊዝ፣ በቀኝ የጀርመን፤
ዓሣው የዋለው አንድ ባሕር፣ ዘይቱም ካንድ በርሜል ቢሆን፣
የሚለየው ወረቀቱ ብቻ ነበር፣ ማጣበቂያው ሳይደርቅ።
"እነዚያ ሲተላለቁ" ትላለች፣
"ሆዳቸው አንድ ማዕድ ላይ እንደዋለ ማን ይወቅ።"

ከዚያ ሰላም መጣ ተባለ፤
መጋዘኑ ቀዘቀዘ፤ ትእዛዝ የለም ተባለ።
ከሥራ በተባረረች በሳምንቱ ወለደች፤
የማሕፀኗን እንጥፍጣፊ ባልታዛር አለችው፣
"የሰላም ልጅ ነው፣ የሚበላው የለም" እያለች።

የሰላሙን ልጅ በሃያ ዓመቱ ወደ ጊኒ ጫኑት።
ጎረቤቷ አቤላርዶ ጮክ ብሎ ባነበበላት
አንዲት ደብዳቤ ውስጥ እንዲህ የሚል ነበረበት፦
"እማ፣ ከስንቃችን መሃል የናንተ ፋብሪካ ቆርቆሮ ወጣ፤
አለቀስኩ። ግን እውነት ለመናገር፣ ጨዉ ትንሽ ቅጥ ያጣ።"
ሳምንት ሙሉ ተቆጣች።
ሳምንት ሙሉ ደግሞ፣ ጨው ስትነሰንስ ሰሰተች።

ተመለሰ። እግሩም እጁም ሙሉ ነው፤
ዓሣ ግን አይበላም፤ መብራት ሲጠፋም አይወድም።
ከከረጢቱ አንዲት ያልተከፈተች ቆርቆሮ አውጥቶ
መደርደሪያው ላይ አኖራት፤ ለምን እንደሆነ አልነገረንም።

"ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ" ሲሏት
"ሙሉ ነች?" ብላ ጠየቀች።
በሙሉ ጨረቃ ሰርዲን መረብ አይገባም፤
ከዚያ ያለፈው ወሬ እሷን አይመለከትም።

ሬዲዮኑ "መንግሥት ወደቀ" ያለ ለታ፣
መንገዱን አበባና ወታደር የሞላው ለታ፣
ያ ወፍራም ፉጨት ጮኸ፤ ጀልባ ገብቶ ነበር።
እናቴ ኤቴልቪና በሩ ላይ ቆማ፣ "እማ፣ ዛሬ እንኳ ይቅር!"
"ነፃነት እስከ ማታ ይቆያል፤ ዓሣው ግን ይሸታል" ብላ
ሽርጧን ታጠቀች።
ማታ፣ ፀጉሯ ላይ ቅርፊት እያብለጨለጨ፣
ቀይ አበባ ሰክታ ተመለሰች።

ጸሐፊው ጉሮሮውን ጠረገ። "ሥራቸውስ?" አለኝ።
የድሮውን መዝገብ ቀና ብዬ አየሁት፤
"የቤት እመቤት" ይላል፣ ባማረ የእጅ ጽሕፈት።
"አይደለም" አልኩት።
"ማስረጃ አለሽ?"
ከቦርሳዬ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት፣
የጊኒዋን ቆርቆሮ፤
ጠርዟ ዝጓል፤ ሆዷ እንደ እርጉዝ አብጧል።
በሁለት ጣቱ አነሣት፤ ጆሮው ሥር ነቀነቃት፤
ገልብጦም ቀን ፈለገባት።